ውሃ የጠጣ ኮምፒዩተር

ከኤሌክትሪክ ጋር የሚኖር ሰው ሁሉ ፊደል ከመቁጠሩ አስቀድሞ ከእናቱ አፍ የሚማራት አንዲት ትእዛዝ አለች፤ እርስዋም ውሃን ከኤሌክትሪክ አርቅ የምትል ናት። ይህችን ትእዛዝ ሊቁም መሃይሙም፥ ምእመኑም ተጠራጣሪውም ያለ ክርክር ተቀብሏታል፤ በእርስዋ ምክንያት ጉባኤ መሰብሰቡን ወይም ኑፋቄ መነሣቱን የሚናገር ታሪክም አልተገኘም። ነገር ግን በዚህ በእኛ ዘመን፥ የቤት ኪራይ በጊዜው የሚከፍሉ፥ ልጅ ያሳደጉ፥ ስለ ጤናማነታቸው ጎረቤት የሚመሰክርላቸው ሰዎች፥ ውድ ኮምፒዩተር በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው፥ በገዛ እጃቸው ሆዱን ከፍተው፥ በሆዱ ውስጥ የመዳብ ቧንቧ ዘርግተው፥ በቧንቧው ውስጥ ውሃ ከሞሉበት በኋላ፥ ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው በታላቅ ተድላ ሲመለከቱት ይታያሉ። እኔም የዚህ ማኅበር አባል ከሆንሁ ወዲህ፥ ዘመዶቼ በስልክ «ደኅና ነህ ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ከልብ የመነጨ ሆኗል።

ለእኔ የነገሩ መነሻ ሰርግ ነው። የምኖረው ሐበሻ በብዛት በሚገኝባት በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን፥ እንጀራዬም የወገኖቼን ሰርግ በቪዲዮ አንሥቶና አቀናብሮ ለባለ ጉዳዮቹ ማስረከብ ነው። የሐበሻ ሰርግ ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ሆኖም ሚዜዎች በር ላይ ሲከራከሩ፥ ጉልበት ሲሳም፥ በመናፈሻው ፎቶግራፍ ሲነሡ፥ በአዳራሹ ኬክ ሲቆረስ፥ በማግሥቱም መልስ ተብሎ ሁሉ ነገር በካባ እንደ ገና ሲጀመር በሦስት ካሜራ የተቀረጸው ሁሉ በተደመረ ጊዜ፥ አንዳንድ ትዳር ከሚቆይበት ዘመን የማይተናነስ ርዝመት እንደሚኖረው መግለጽ ግድ ይሆንብኛል። ይህ ሁሉ ከተቆረጠና ከተቀጠለ በኋላ ኮምፒዩተሩ አንድ ወጥ ፊልም አድርጎ የማውጣቱን ሥራ የሙያው ሰዎች ሬንደር ይሉታል። ሬንደር በተጀመረ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ኃይሉን አሟጥጦ ይሠራል፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይሰፋው የፕሮሰሰሩ ሲሊከን ብቻውን እስከ 250 ዋት፥ ትልቁ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ እስከ 450 ዋት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ የበሉትንም በሙሉ ሙቀት አድርገው ይተፉታል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ በተቃረበ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ከመቃጠል ለመዳን ሲል ሥራውን ያለዝባል፤ ማራገቢያዎቹም እርሱ እንዳይለግም በመስጋት ባለ በሌለ ጉልበታቸው ይጮኻሉ።

ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ይህን ጩኸት የላይኛው ቤት ሰው ምንጣፍ የሚጠርግበት ማሽን መስሏቸው ኖሮ፥ በእኩለ ሌሊት ምንጣፍ የሚያስጠርግ ኀጢአት ምን ዓይነት ኀጢአት ይሆን እያሉ፥ ከውዳሴ ማርያማቸው ቀጥለው ስለዚያ ጎረቤት ልዩ ምልጃ ማድረስ ከጀመሩ ሰንበትበት ብለው ነበር። ጩኸቱ የእኔ መሆኑን በነገርኋቸው ጊዜ ምልጃውን አላቋረጡም፤ ስሙን ብቻ ለወጡት።

እንግዲህ ሙቀትን በነፋስ ከማሳደድ በውሃ መሸኘት የሚሻልበትን ምክንያት በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚሸከመው ሙቀት፥ አንድ ሊትር አየር ለዚያችው ለአንዲት ዲግሪ ከሚሸከመው ከ3,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ በፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ ውስጡ በቀጫጭን ቦይ የተተለተለ የመዳብ ሰሌዳ ይቀመጣል፤ ውሃው በቦዮቹ መካከል ሲያልፍ ሙቀቱን ይቀበልና በቧንቧው ተጉዞ ወደ ራዲያተሩ ያደርሰዋል፤ በራዲያተሩ ላይ የተደረደሩት ማራገቢያዎችም፥ ስፋቱ ስለሚረዳቸው፥ ሳይጮኹ በእርጋታ ወደ ውጭ ያሰናብቱታል። ነገሩ የዛሬ ልጆች ፈሊጥ እንዳይመስልም ጥንተ ነገሩን ላውሳ። ከቤቴ ብዙም በማይርቀው፥ ግሪንቤልት በሚገኘው የናሳ የጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1968 ያገለግል የነበረው የአይቢኤም ሲስተም 360 ሞዴል 91፥ በዘመኑ እጅግ ኃያላን ከሚባሉት ኮምፒዩተሮች አንዱ ሆኖ ሳለ፥ በሰሌዳዎቹ መካከል የሚያልፈውን አየር የሚያበርድለት የውሃ መሣሪያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ሲይሙር ክሬይ ክሬይ-2 የተባለውን ማሽን በሠራ ጊዜ፥ ቧንቧ መዘርጋቱን ትቶ ሰሌዳዎቹን በጠቅላላ ፍሎሪነርት በሚባል፥ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ አጠመቃቸው። ይህ እንግዲህ የመኳንንቱ ጥምቀት ነው። ተራው ሕዝብ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ሲሆን፥ መሣሪያውም ዓሣ ከሚያረቡ ሰዎች ዘንድ የተገኘ የገንዳ ፓምፕና ከአሮጌ መኪና የተፈታ የማሞቂያ ራዲያተር ነበረ። በተለይ የ1977 ሞዴል ፖንቲያክ ቦንቪል የማሞቂያ ራዲያተር ለዚህ ሥራ የተመቸ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ያቺ መኪና ከመንገድ ላይ ከጠፋች በኋላም፥ መሪ ጨብጠው በማያውቁ ጎልማሶች ዘንድ ስሟ በክብር ሲነሣ ኖረ።

ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ለሚኖር ወዳጄ በስልክ ባወጋሁት ጊዜ፥ «እኛ ዘንድማ ብርዱ በነጻ ነው፤ መስኮት መክፈት ነው» ሲል ዘጋኝ። እኔም ነገሩ እንደዚያ ያልቀለለ መሆኑን፥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የምትበልጥ ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ መሆኑን፥ ማራገቢያውም ያንኑ ያህል እየዞረ የሚገፋው አየር በክብደቱ በዚያው ልክ የሚያንስ መሆኑን በትዕግሥት ካስረዳሁት በኋላ፥ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያውስ ሁለት መስኮት እከፍታለሁ» አለኝ።

ወደ ውሃው ማኅበር የገባ ሰው ወዲያው የሚያጋጥመው ነገር መከፋፈል ነው። በለስላሳ ጎማ የሚሠሩት አሉ፤ ስለ እነርሱ የምናገረው ክፉ ነገር የለኝም፤ ሥራቸውን ከምሳ በኋላ ጀምረው ከእራት በፊት ጨርሰው በሰላም ይተኛሉ። ብዙኃኑ ግን ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቧንቧ በሙቀት እያጠፉ የሚዘረጉት ናቸው። እነዚህ ውሃቸውን ቀይ፥ ሰማያዊ፥ አረንጓዴ እየበጠበጡ፥ ከሥሩም መብራት እያበሩበት፥ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ እንዲያይላቸው የሚሹ ናቸው፤ ያ ቀለም ውሎ አድሮ በቀጫጭኖቹ ቦዮች ውስጥ እየዘቀጠ መተላለፊያውን እንደሚደፍነው የቀደሙ ሰዎች ቢመክሯቸውም አይሰሙም። የመዳቡ ወገን ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ እኔም ከእርሱ ነኝ። በመዳብ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ አይታይም። ይዙር አይዙር፥ አረፋ ይያዝ አይያዝ፥ ጭራሽ ይኑር አይኑር፥ ዐይን የሚመሰክረው ነገር የለም። የፕላስቲኩ ሰው አይቶ ያምናል፤ የመዳቡ ሰው ሳያይ ያምናል። ሐዋርያው ቶማስ ኮምፒዩተር የመሥራት ዕድል ቢገጥመው የትኛውን ቧንቧ ይመርጥ እንደ ነበር ለአንባቢ ፍርድ ትቼዋለሁ።

ሃይማኖቱን መምረጥ ቀላል ነው፤ መዳቡን መግዛት ግን ሌላ ነው። በአቅራቢያዬ ወዳለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሄጄ ግማሽ ኢንች የሚል የተጻፈበትን የመዳብ ቧንቧ አንሥቼ በለካሁት ጊዜ፥ አሜሪካኖች በቧንቧ ጉዳይ ላይ ከእውነት ጋር ያላቸው ግንኙነት የላላ መሆኑን ተረዳሁ። ግማሽ ኢንች የሚባለው ቧንቧ በውጭ ሲለካ ግማሽ ኢንች አይደለም፤ የኢንች አምስት ስምንተኛ ነው። ምናልባት በውስጥ ይሆናል ብለው ቢለኩትም ግማሽ ኢንች አይደለም፤ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። በጠቅላላው በዚያ ቧንቧ ላይ ግማሽ ኢንች የሆነው ስሙ ብቻ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ፥ በአብዛኞቹ የኮምፒዩተር የውሃ ዕቃዎች ላይ መገጣጠሚያው የሚጠመዘዝበት፥ ጂ ሩብ የሚባለው ጥርስ የተወለደው ከእንግሊዞች የቧንቧ ሥርዓት ሲሆን፥ ሩብ ኢንች መባሉን አምኖ የለካው ሰው የውጭ ስፋቱን 13.157 ሚሊሜትር፥ ማለትም ከግማሽ ኢንች የሚበልጥ ሆኖ ያገኘዋል። እንግዲህ ሩብ የተባለው ከግማሽ ይበልጣል፤ ግማሽ የተባለውም ከግማሽ ይበልጣል፤ ግማሽ የሆነ ግን የለም። አባቶቻችን ባሕረ ሐሳብን በአበቅቴና በመጥቅዕ ሲያሰሉ ቢያንስ ዐሥራ ዘጠኝ ሲሉ ዐሥራ ዘጠኝ ማለታቸው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው፥ ያ የመደብሩ ቧንቧ ከመገጣጠሚያዎቹ ጋር የሚስማማ መስሎ መታየቱ ነው። የኢንች አምስት ስምንተኛ ወደ ሚሊሜትር ሲመለስ 15.875 ይሆናል፤ ለጠንካራ ቧንቧ የገዛሁት መገጣጠሚያ ደግሞ ለ16 ሚሊሜትር የተሠራ ነው። በመካከላቸው ያለችው ልዩነት የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ ናት። ለአናጢ ይህች ልዩነት የለችም፤ በግንበኛ ዘንድማ ስሟም አይነሣ፤ ለውሃ ግን ወለል ብሎ የተከፈተ በር ናት። ስለዚህ ለዚሁ ሥራ ተብሎ በሚሊሜትር የተሠራውን ቧንቧ፥ ከመደብሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ከፍዬ፥ በፖስታ አስመጣሁ። ዋጋውን ለባለቤቴ የነገርኋት ግማሽ ብዬ ነው፤ በቧንቧ ሥርዓት ግማሽ ማለት ምን እንደ ሆነ አስቀድሜ ገልጫለሁ።

መዳብን ማጠፍ ትሕትና የሚያስተምር ሥራ ነው። ቧንቧ በሚታጠፍበት ጊዜ በውጭ በኩል ያለው ጎኑ ይለጠጣል፥ በውስጥ በኩል ያለው ይጨመቃል፤ ውስጡም ባዶ እንደ መሆኑ መጠን ሁለቱን የሚያስታርቅ ሽማግሌ በመካከላቸው ስለማይገኝ፥ ጠቡ ሲበረታ መታጠፊያው ላይ ተሰርጉዶ ይቀራል። የቀደሙት ባለሙያዎች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ደረቅ አሸዋ ነበረ፤ ቧንቧውን በአሸዋ ጠቅጥቀው፥ ጫፍና ጫፉን ወትፈው ያጥፉት ነበር። ከዚያም አስቀድሞ በነበልባል ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪይዝ አግለው ቢተዉት፥ መዳቡ ልስላሴ ያገኛል። ፕላስቲክ ይቅር ባይ ነው፤ የተሳሳተውን መታጠፊያ ደግመው ቢያሞቁት ይቃናል። መዳብ ግን በታጠፈበት ቦታ ባሕርዩ ይለወጥና ይጠነክራል፤ ልመልስህ ቢሉት ቂም እንደ ያዘ ባላገር ይደርቃል እንጂ እሺ አይልም። ደግሞም የማጠፊያውን እጀታ እስከ 90 ዲግሪ ስበው በለቀቁት ጊዜ፥ ቧንቧው ወዲያው ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ 90ን የሚፈልግ ሰው ከ90 ማለፍ አለበት፤ በምን ያህል እንደሚያልፍ ግን የሚነግረው እጁ ብቻ ነው።

ቆረጣው ደግሞ ሌላ ጽሙና ይጠይቃል። መቁረጫው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ስለታም መንኰራኩር ያለችው ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ቧንቧውን ያቅፋል፥ አንድ ዙር ይዞራል፥ ብሎኑ በጥቂቱ ይጠብቃል፥ ደግሞ ይዞራል። በመዳቡ ላይ መጀመሪያ የምትታየው የፀጉር ያህል የቀጠነች የብርሃን መስመር ናት፤ መስመሯ እየጠለቀች፥ ከሮዝ ወደ ብርቱካን የሚያደላው የመዳቡ ትኩስ ሥጋ እየታየ ይሄድና፥ በመጨረሻ ቁራጩ ያለ ድምፅ መዳፍ ላይ ይወድቃል። የቸኮለ ሰው ይህን አንሥቶ ወደ መገጣጠሚያው ይከተዋል። በተቆረጠው አፍ ዙሪያ ግን ዐይን የማያያት፥ ጣት ብቻ የምታውቃት ስለታም ከንፈር ተርፋለች፤ እርስዋም ውሃውን ለመያዝ የተሾመችውን የጎማ ቀለበት በገባችበት ቅጽበት ትቆርጣታለች። ስለዚህ አፉ በውስጥም በውጭም ተሞርዶ፥ ጣት ሲያልፍበት ምንም እስከማይነካው ድረስ መለስለስ አለበት።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው አማቴ ወደ ሳሎን ብቅ ያሉት። አማቴ በወጣትነታቸው በአገራቸው አረቄ በማውጣት የተመሰገኑ ባለሙያ ስለ ነበሩ፥ የታጠፈውን መዳብ፥ የውሃ ማጠራቀሚያውንና መሬት ላይ የተቀመጠውን የውሃ ጋሎን አንድ ጊዜ በዐይናቸው ዞረው እንዳዩ ፊታቸው በራ። እኔም አብራርቼ እስክናገር ድረስ አልጠበቁኝም።

«ድፍድፉ የት አለ ልጄ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፥ በሩን ገርበብ እያደረጉ። በዚህ አገር ያለ መንግሥት ፈቃድ አረቄ ማውጣት እንደማይፈቀድ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰምተው ነበር።

«አረቄ አይደለም እማማ፤ ኮምፒዩተሩን ማቀዝቀዣ ነው።»

«እሺ፥ በዚህ በኩል የሚገባው ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው።»

«በዚያ በኩል የሚወጣውስ?»

«እርሱም ውሃ ነው።»

አማቴ የተጣመመውን መዳብ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ተከተሉት። «ይህን ሁሉ ዞሮ ውሃው ውሃ ሆኖ ከወጣ፥ ታዲያ ምን አተረፍህ?»

«ሙቀቱን ይዞ ይወጣል እኮ እማማ።»

«ሙቀቱስ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ክፍሉ ይወጣል።»

«ቀድሞስ ወዴት ይወጣ ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ፥ ፊዚክስ የተማረ ሰው ሊሰጠው የሚችለው መልስ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ «ወደዚሁ ክፍል» ብዬ መለስሁ። አማቴም በክርክር ለተረታ ሰው የሚገባውን ርኅራኄ ሳይነፍጉኝ፥ «እንግዲያው በርታ» ብለውኝ ወደ ማድቤት ገቡ። እውነቱን ለመናገር፥ ስለዚህ ጥበብ የተጻፈውን ሐተታ ሁሉ ሳነብ ከዚያ የጠለቀ ጥያቄ አላገኘሁም። ውሃ ሙቀትን አያጠፋም፤ ኮምፒዩተሩንም ከክፍሉ አየር በታች ሊያበርደው አይችልም። የበላው 700 ዋት በነፋስ ቢሆን በውሃ፥ በፕላስቲክ ቢሆን በመዳብ፥ ዞሮ ዞሮ እዚያው ሳሎን ውስጥ ይዘረገፋል።

ስለ ብረታ ብረቱ ዝምድና አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ከዚህ ላይ ነውና። መዳብ፥ ናስና ኒኬል በአንድ ውሃ ውስጥ ተቻችለው ይኖራሉ። አሉሚኒየም ግን ከእነርሱ ጋር በአንድ መስመር የገባ እንደ ሆነ፥ ውሃው አገናኛቸው ሆኖ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት በመካከላቸው ይፈጠርና፥ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ እየተበላ ይሄዳል። ውሃውም ከቧንቧ የተቀዳ መሆን የለበትም፤ ተኖና ተመልሶ የተጠራቀመ፥ ዲስቲልድ የሚባለው፥ ማዕድን የሌለበት ውሃ ነው የሚያስፈልገው፤ አልጌ እንዳያበቅልና ብረቱ እንዳይዝግም ጥቂት መድኃኒት ይጨመርበታል። የመዳቡን ውጫዊ ገጽታ በተመለከተ ግን፥ ጣት የነካው ሁሉ እየጠቆረ ቢያስቸግረኝ፥ መፍትሔውን ያመጡት አማቴ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን መስቀልና ጽናጽል ሲወለወል ያደጉ ናቸውና፥ ሎሚና ጨው ይዘው መጥተው፥ ለምን እንደሚያገለግል ያላመኑበትን ቧንቧ ፊታቸው እስኪታይበት ድረስ አሹልኝ።

የመጨረሻው ሥርዓት የሌሊት ጥበቃ ነው። ማዘርቦርዱ ኃይል ሳያገኝ ፓምፑ ብቻውን ውሃውን ሲያዞር ማደር አለበት፤ ለዚህም ከኃይል መስጫው የሚወጣው ባለ 24 ቀዳዳ ሶኬት ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ፥ አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በቁራጭ ሽቦ ይገናኛል፤ በየመገጣጠሚያው ሥርም አንዲት ነጠብጣብ ብትወርድ እንድትመሰክር ደረቅ ሶፍት ይነጠፋል። በፕላስቲኩ ወገን ዘንድ ቢሆን አረፋው ሲሸሽ በዐይን ይታያል። በመዳብ ዘንድ ያለው ምስክር ጆሮ ብቻ ነው፤ በውስጡ የታሰረ አየር ያንጎራጉራል፥ ሣጥኑን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያጋድሉት ደግሞ ገርገር ብሎ ይንቀሳቀሳል። እኔም ባትሪ ይዤ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሶፍት በመዳሰስ ላይ ሳለሁ፥ አማቴ ለሌሊቱ ጸሎት ተነሥተው ኖሮ ከበላዬ ቆመው አገኘኋቸው።

«ሆዱ ይጮኻል» አሉ።

«አየር ነው እማማ፤ ይወጣለታል።»

«ከግሸን የመጣ ጠበል አለኝ፤ ጥቂት ልጨምርበት።»

«አይሆንም እማማ፥ ማዕድን ያለበት ውሃ አይስማማውም።»

አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ጠበል የማይስማማው ነገር» አሉ ቀስ ብለው፥ «ምን እንደ ሆነ ታውቃለህ ወይ ልጄ?»

ሶፍቶቹ ደረቅ ሆነው አደሩ። ሥራውም በተጀመረ ጊዜ ጩኸቱ ቀረ፤ ከ90 ዲግሪ በላይ ይወጣ የነበረው ፕሮሰሰርም በ70ዎቹ ረግቶ መሥራት ጀመረ። ይህን ሁሉ ላወጣሁበት ገንዘብ ፊልሙ ስንት ጊዜ ቀድሞ ይደርሳል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፥ ሻይ ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ ቢቀድም ነው እላለሁ፤ ለጸጥታው ግን ዋጋ ሊተመንለት አይችልም፥ ለውበቱም እንዲሁ፤ ለውበት ብዬ እንደ ሠራሁት ከመካድም ዝም ማለቱን እመርጣለሁ።

የሠራሁት ነገር ጥቅም በቤታችን የታወቀው ግን በሌላ በኩል ነው። በሜሪላንድ ክረምት፥ በተለይ በጥር፥ ሊጥ እንቢተኛ ይሆናል፤ እርሾው በብርዱ ተኝቶ፥ በሁለት ቀን መነሣት የሚገባው ቡሆ በአራትም አይነሣ፥ እንጀራውም ዐይን አያወጣ። አማቴ ከሣጥኑ ጀርባ በራዲያተሩ በኩል የሚወጣው ነፋስ፥ ለብ ያለና የማያቋርጥ፥ ሬንደር በተያዘ ቁጥርም ሌሊቱን በሙሉ የሚነፍስ መሆኑን በመዳፋቸው መርምረው ካረጋገጡ በኋላ፥ አንድ ቀን ማለዳ የሊጡን ባልዲ በዱካ ላይ አድርገው ከኮምፒዩተሩ ኋላ አስቀምጠውት አገኘሁ። ፈሳሽ ነገር ከኤሌክትሪክ አጠገብ ማኖር አደጋ መሆኑን በአክብሮት ባሳስባቸው፥ በሆዱ ውስጥ ውሃ ያስገባ ሰው ከደጁ የተቀመጠ ሊጥ ሊከስስ እንደማይችል በሁለት ቃል ፈረዱብኝ። ኃይሉን ሁሉ ሲጠቀም ኮምፒዩተሬ፥ በዚህ አገር በየመደብሩ ከሚሸጠው ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ የግማሽ ያህል ስለሚያሞቅ፥ በዚያ ጥር የተጋቡ ሙሽሮች ሁሉ ሳያውቁት የቤታችንን ሊጥ አነሡልን። አማቴም የሰርግ ወሬ በሰሙ ቁጥር፥ ማን ማንን አገባ ከማለታቸው በፊት፥ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለው የሚጠይቁ ሆኑ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በዐቢይ ጾም ተክሊል የለም፤ ተክሊል ከሌለ ሰርግ የለም፤ ሰርግ ከሌለ ሬንደር የለም፤ ሬንደር ከሌለ መዳቡም ውሃውም ራዲያተሩም ከክፍሉ ጋር አብረው ቀዝቅዘው ይቀመጣሉ። ብርዱ ግን ጾም አላወቀም፤ ቤተ ሰቡም ከምንጊዜውም ይልቅ በእንጀራና በሽሮ ላይ የተመሠረተበት ሰሞን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አጋማሽ፥ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጬ ደብዳቤ በመጻፍ ላይ ሳለሁ፥ አማቴ የባልዲውን ክዳን ገለጥ አድርገው ሽታውን መረመሩ፥ እጃቸውን በራዲያተሩ ላይ ዘርግተው ቆዩ፥ ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፥ ያችን የጥሯን ሙሽራ ደግመህ ዳራት እንጂ! ሊጡ በረደው እኮ።»